ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ አሮጌው የቫልቮላ ሣጥን

በየከተማው በሚገኙ የቆዩ ቤቶች፣ እንዲሁም በአንዳንድ የጦር ሠፈር መኖሪያዎች፣ ከቆጣሪው አጠገብ ነጫጭ የሸክላ ቫልቮላዎች የተደረደሩበት ሣጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። መብራት ድርግም ካላለ በቀር ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ሆኖም ይህ ሣጥን የቤቱ ዘብ ነው። ዘቡ ነቅቶ መጠበቁን ማረጋገጥ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ግዴታ መሆኑን ልናሳስብ እንወዳለን።

የቫልቮላ ሥራ ግልጽ ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከመሥመሩ ሁሉ ደካማው እንዲሆን ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድሞ ቀልጦ መሥመሩን ይቆርጣል። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ቫልቮላው ባይቀልጥ ኖሮ የሚግለው በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የተሠወረው ሽቦ በሆነ ነበር።

አደጋው የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። ቫልቮላው በተደጋጋሚ ሲቃጠል የተሰላቸ ሰው ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ ያስገባበታል፤ ችግሩም የተወገደ ይመስለዋል። የተወገደው ግን ዘቡ ነው። የሚጮኸውን ዘብ አፍ ማፈን ጠላትን እንደማያርቅ ወታደር አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ራዲዮ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል 58 ያህል በአንድ ጊዜ ከማብራት ጋር የሚተካከል ነው። ብዙ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ በሚገለገሉበት ግቢ ሁለት ምጣድ አብሮ ሲጣድ 32 አምፔር ይደርሳል።

በቫልቮላ ፈንታ ዛሬ የሚተከለው ብሬከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ ሁጎ ሽቶትዝና ሐይንሪሽ ሻክትነር ከሠሩት አነስተኛ ብሬከር የመጣው ይህ መሣሪያ ጭነት ሲበዛ ራሱ ይዘጋል፤ ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ በጣት ይመለሳል። ወፍራም ሽቦ የሚጠመጠምበትም ቦታ የለውም።

ይሁን እንጂ ሣጥኑን ብቻ መለወጥ በቂ አይደለም። የብሬከሩ መጠን በሽቦው ውፍረት ይወሰናል፦ ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 አምፔር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 16 አምፔር ይበቃዋል። ምጣድ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ20 አምፔር ብሬከር የራሱ መሥመር ቢኖረው ይመረጣል። ላስቲኩ የተሰነጣጠቀ ሽቦ ከአዲስ ብሬከር ጋር ሊቀጠል አይገባም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ቫልቮላም ሆነ ተራ ብሬከር ሽቦን እንጂ በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው አያድንም፤ ሰውን ለመግደል ከ1 አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃልና። ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ መሥመሩን የሚቆርጥ መከላከያና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ አብረው ሊተከሉ ይገባል።

ሶኬት ሲግል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት፣ ምጣድ ሲበራ መብራቱ ሲደክም፣ የቫልቮላው ሸክላ ሲጠቁር ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘግቶ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥራት ነው። የቆጣሪውን ማኅተም መስበር ግን የተከለከለ ነው። እሳት ቢነሣም ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውኃ መድፋት ሞትን መጋበዝ ስለሆነ፣ በቅድሚያ መሥመሩ ይዘጋ፤ ደረቅ አሸዋም ይበተንበት።

ባለሙያ ለማስመጣትና ሣጥን ለማስለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። ባንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች ቢያዋጡ ግን ሸክሙ ይቀላል፤ የአንዱ ቤት እሳት የሌላውን ጣራ አይምርምና።