ልርጭ ወይስ ልቆይ? የዋግ ባለሙያው ምን ይዞ ይወስናል?

ውሳኔ የሚከብደው መረጃ ጎድሎ ጊዜም ሲያጥር ነው። ለዚህ የሚሆነኝን ምሳሌ ካደግኩበት ከአርሲ አመጣለሁ። ከአቦምሳ ወደ ደጋው ስትወጡ ገበሬው ክረምቱን ሙሉ ዐይኑን ስንዴው ላይ ጥሎ ይከርማል፤ ዋግ ይፈራላ! አጎቴም የልማት ሠራተኛውን ባየ ቁጥር “ልርጭ ወይስ ልቆይ?” ይለዋል። ሳያስፈልግ ከረጨ የመድኃኒቱ ብር ባከነ፤ ከዘገየ ደግሞ ሰብሉ ሄደ። ታዲያ ባለሙያው መልሱን ከየት ያመጣል? ሦስት ዘዴዎችን እናነጻጽር።

አንደኛው የማሳ አሰሳ ነው። ባለሙያው ከማሳ ማሳ እየዞረ ያያል። ቅጠል ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ካገኘ ቢጫ ዋግ ነው፤ ግንዱ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ቁስል ካየ ደግሞ የግንድ ዋግ። ዘዴው ብዙ ወጪ የለውም። ነገር ግን የሚነግረን በሽታው ከገባ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትንበያ ነው። ደቃቁ የዋግ ዘር በነፋስ ይጓዛል። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የአሰሳውን ውጤት ከአየር ትንበያ ጋር አዋህዶ ዘሩ ወዴት እንደሚነፍስና የት እንደሚመቸው ያሰላል። ቀድሞ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ስለ አካባቢው እንጂ ስለ አጎቴ ማሳ አይደለም።

ሦስተኛው ላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲመታው ብዙ ገበሬ ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ወደ ወጣው ዲገሉ ዞረ። በ2013 ግን አርሲና ባሌ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሣና ዲገሉን ክፉኛ መታው። ዐይን ዋግ መሆኑን ያያል፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ግን አይለይም። በነባሩ አሠራር ናሙናውን ችግኝ ላይ እየሞከሩ መለየት ሳምንታት ይፈጃል። በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው ማርፕል የሚባል ተንቀሳቃሽ የዘረመል መመርመሪያ ግን የቢጫ ዋግን ዝርያ በሁለት ቀን ገደማ ይለያል።

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? ጥያቄያቸው ይለያያል እንጂ አይበላለጡም። ትንበያው “የት ሊደርስ ይችላል?”፣ አሰሳው “ደርሷል ወይ?”፣ ላቦራቶሪው “የትኛው ነው?” ለሚለው ይመልሳሉ። ለዘንድሮው ርጭት ትንበያውና አሰሳው ይቀድማሉ፤ ለከርሞው ዘር ምርጫ ላቦራቶሪው የግድ ነው። የትኛው ስህተት ገበሬውን የበለጠ እንደሚጎዳ መመዘኑ ግን ለሰው የተተወ ነው።

ይህ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችንም ይመለከታል። “ዋግ ሊከሰት ይችላል” የሚለውን ትንበያ “ዋግ ተከሰተ” ብለን ብናነበው አጎቴ ሬዲዮውን ሰምቶ እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። አንድ ቃል ብናጎድል የሚከፍለው እሱ ነው።