የነፋሱ ግብር ለማን?

ጅግጅጋ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በላስቲክ የተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞች ከኪሳቸው አውጥተው «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። በአውበሬ በኩል ስንዴና ማሽላ ያርሳሉ፤ ከብትና ግመላቸውን የሚያሰማሩት ግን በወል መሬት ላይ ነው። ደረሰኙ የእርሻው ብቻ ነው።

«እንደ አይሻ ያለ የነፋስ ማማ ወደኛም ቢመጣ» አሉኝ፣ «ለእርሻዬ ይህ ወረቀት ይመሰክርልኛል። ለግጦሹስ? ግመል ደረሰኝ አይዝም!»

አይሻ ሲቲ ዞን ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ነው። የአይሻ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 48 ተርባይኖች አሉት፤ ድምሩ 120 ሜጋ ዋት ነው። የኤምሬቱ አሚያ ፓወርም እዚያው አካባቢ ለ300 ሜጋ ዋት ተዋውሏል። በዚሁ በሶማሌ ክልል ጋድ ላይ ሊተከል የነበረው 125 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አክዋ ፓወር ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ጨረታውን ካሸነፈ በኋላ ተጓትቶ ቀረ።

እዚህ አገር ግብር ሲነሳ ታሪክ አብሮ ይነሳል። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ማብቂያ የዓረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ሲያቀና የማራርን ሜዳ አቋርጧል። የዛሬው የጅግጅጋ ስንዴ መሬት ያኔ ሲራራ ነጋዴ ዘራፊ ፈርቶ የሚያልፈው ሣር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ፣ የንጉሡ መንግሥት የከብት ግብር አዋጅ አወጣ። በ1955 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ለፈነዳው አመፅም አንዱ መነሻ ግብር ለመሰብሰብ የተደረገው ሙከራ ነው። መንግሥት ከብቱን ለመቁጠር የነበረውን ያህል ጉጉት ግጦሹን ለመመዝገብ አሳይቶ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ጥያቄ ባልተነሳ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ በነፃ የማሰማራትና ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀና ምትክ ላላገኘ አርሶ አደር ከመልቀቁ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ትልቁ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። ለወል መሬት የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ግን ከታጣው ጥቅም ተነስቶ ነው። ያንን ጥቅም የሚገምተው ማን ነው?

ግብሩ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። አይሻ ሁለት የፌዴራል የልማት ድርጅት ንብረት ስለሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የትርፍ ግብሩ የፌዴራል መንግሥት ነው። የግል ኩባንያ ሲሆን ግብሩ የጋራ ነው፤ የግብር እፎይታ ከተሰጠው ግን ለጊዜው የሚካፈሉት አይኖርም። በዚሁ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ገቢ በአንቀጽ 98 የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ግን ነፋስን ያሰበ አልነበረም።

ከማማው ግርጌ ያለው ቀበሌ ምን እንደሚያገኝ አንድ የሥራ ኃላፊ ጠየቅሁ። «ይሄ የፌዴራል ጉዳይ ነው» አሉኝ። ደግሜ ስደውል ስልኩ አልተነሳም። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ለግብር ሲመጡ የኛ ጉዳይ ነው ይሉናል፤ ለጥቅም ስንመጣ የላይኛው ጉዳይ ይሆናል። ወላሂ፣ ወንድሜ፣ እኔ ኮረንቲ አልጠላም፤ ቤቴም ይግባ!»

በአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ገበሬው በተርባይኖቹ መካከል ዛሬም ያርሳል፤ ግጦሽም እንዲሁ ሊቀጥል ይችላል፤ መንገዱና አጥሩ የመንጋውን መተላለፊያ ካልዘጉት። ከተዘጋ ከብቱ ሌላ ጎሣ ውኃ ላይ ይወርዳል፤ የዚያን መዘዝ የሲቲ ሰው ያውቀዋል።

መፍትሔው ከክልሉ እጅ አልወጣም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የመወሰንና የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። የሶማሌ ክልል ምክር ቤት ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚውል መሬት ዓመታዊ ክፍያ እንዲከፈልበት፣ ከክፍያውም የተወሰነው ድርሻ በቀጥታ መሬቱን ላጣው ቀበሌ እንዲደርስ በአዋጅ ይደንግግ።