ወይን የሚጦራቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ለመምህራን በተዘጋጀ የአንድ ወር ትምህርት ምክንያት በጀርመን አገር ትሪር በምትባል ጥንታዊት ከተማ ተቀምጬ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት አልነበረንም። ጓደኞቼ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ሲሄዱ እኔ ገጠሩን ለማየት ፈለግሁ። የገጠር ልጅ ነኝና የአንድን አገር ሰው በእርሻው ላይ ካላየሁት ያየሁት አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሳምንት ከአገር ቤት በስልክ አንድ ጉዳይ ደርሶኝ ነበር። ያሳደገችኝ አያቴ አንኮበር አጠገብ በገደላማ መሬቷ ላይ ብቻዋን መኖር አቅቷታል፤ መሬቱን ትታ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ትግባ ወይስ እዚያው ትቆይ የሚለውን እንድወስን ዘመዶቼ ጠየቁኝ። እርሷ ግን «ከቀዬዬ አልወጣም» ብላለች። መልስ አጥቼ ልቤ ከብዶ ስለ ነበረ፣ ወንዝ ዳር ብሄድ ይቀለኛል አልሁና ተነሣሁ።

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ከትሪር እስከ ቪትሊሽ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ነው። ድሮ ባቡሩ እስከ ወንዙ ዳር ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ሐዲዱ ተነሥቶ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሞዝል ወንዝ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ታየኝ። ይህ ወንዝ ከፈረንሳይ ከቮዥ ተራሮች ተነሥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ጋራ ይገናኛል። በግራና በቀኙ በርንካስቴልና ኩስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በ1905 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተዋሕደው በርንካስቴል-ኩስ ተባሉ። የሕዝቧ ቁጥር ዛሬ 7,000 ያህል ነው። ከከተማይቱ በላይ ቀና ብዬ ሳይ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ግድግዳ የመሰለኝ ነገር የወይን እርሻ ሆኖ አገኘሁት።

የበርንካስቴል የገበያ አደባባይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዓይን አይጠግበውም። ቤቶቹ እንደ እኛ አገር የጭቃ ቤት በእንጨት ተዋቅረው መካከላቸው የተመረገ ናቸው፤ እነርሱ ግን እንጨቱን አይሸፍኑትም፤ ቀለም ቀብተው ጌጥ ያደርጉታል። በ1606 የተሠራው የቅዱስ ሚካኤል የውሃ ምንጭና በ1608 የተሠራው ማዘጋጃ ቤት እዚያው ይገኛሉ። ከሁሉ ይልቅ ያሳቀኝ በ1416 የተሠራው ሾጣጣ ቤት ነው፤ እግሩ ቀጥኖ ራሱ ስለ ሰፋ እንጉዳይ ይመስላል። በአንዳንድ ደጃፍ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ወይም መጥረጊያ ተሰቅሎ አየሁ። ምን ይሆን ብዬ ብጠይቅ፣ ገበሬው የራሱን ወይን በቤቱ እንደሚሸጥ የሚያሳይ ምልክት ነው አሉኝ። በአገራችን ጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ላይ የሚሰካው ጣሳ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያደርሁት ወይን በሚያለሙ አንዲት ባልቴት ቤት ነበር። እኔ ጀርመንኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ እርሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቁም። ስለዚህ ጎረቤታቸውን፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መምህር፣ ጠሩልኝ። በእኔ ዕድሜ ያለውን ልጅ «እርስዎ» ብለው ሲያናግሩኝ አፈርሁ፤ የአገሩ ልማድ መሆኑን ኋላ ተረዳሁ። «መምህር ከሆኑማ» አሉኝ፣ «ወይኑን በብርጭቆ ሳይሆን በተራራው ላይ ላሳይዎት።»

አቀበቱን ጀመርነው። ከከተማይቱ ራስ ላይ ያለው ስመ ጥሩ እርሻ «ዶክቶር» ይባላል። በ14ኛው መቶ ዓመት የትሪር ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ዳግማዊ ቦይሙንድ እዚያ ታመው፣ ባለ መድኃኒት ሁሉ ካቃተው በኋላ የዚህን ተራራ ወይን ጠጥተው ተነሡ፤ ወይኑንም እውነተኛው ዶክቶር ብለው ሰየሙት ይባላል። መምህሩ «ተረት ነው፤ ቢሆንም ዋጋውን ከፍ አድርጎታል» አሉና ሳቁ። ከበላዩ ላንድስሁት የሚባለው ግንብ በ1692 ተቃጥሎ እንደ ፈረሰ ቆሟል።

መሬቱ አፈር አይመስልም፤ ንጣፍ ንጣፍ ሆኖ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። በረገጥሁት ቁጥር ከእግሬ ሥር እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ በእጄ ተደግፌ ተረፍሁ፤ የ70 ዓመቱ መምህር ግን እንደ ፍየል ይወጣሉ። ግንዱ ሁሉ ለየብቻው በእንጨት ምሰሶ ታስሯል፤ ሐረጎቹን ግራና ቀኝ አጉብጠው ስለሚያስሯቸው የልብ ቅርጽ ይሠራሉ።

«እንዲህ ባለ ገደል ላይ ለምን ይተክላሉ? ታች ሜዳ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ ቆም ብለው እንደ ክፍል ትምህርት አስረዱኝ። አገሩ ለወይን ቀዝቃዛ ነው። ወደ ደቡብ የዞረ ገደል ግን ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የሞቀውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ወንዙም ብርዱን ያለዝበዋል። ቀስ ብሎ የሚበስለው ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን በዚህ ይጣፍጣል። ወይን ተክለው ያስለመዱት ሮማውያን ናቸው፤ በ1787 ደግሞ የትሪር ገዥ ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንሴስላውስ መናኛው ዘር ተነቅሎ በተሻለ እንዲተካ አዘዙ።

ነገር ግን ገደሉን ትራክተር አይወጣውም። በአንዳንድ ቦታ በአንድ ሐዲድ ላይ የምትሳብ ትንሽ መኪና ሰውና ዕቃ ታወጣለች፤ የቀረው ሥራ ሁሉ በእጅ ነው። ስለዚህ የገደል እርሻ ከሜዳው እርሻ ብዙ እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ወቅቱ የለቀማ ጊዜ ነበርና ዘለላውን በመቀስ እየቈረጡ ወደ ባልዲ የሚጥሉ ሰዎች አገኘን። ሰላም ብንላቸው ከፖላንድና ከሩማንያ የመጡ ናቸው። «የኛ ልጆችስ?» አሉ መምህሩ፣ ሳልጠይቃቸው፤ «የባልቴቲቱ ልጅ ፍራንክፈርት ባንክ ቤት ይሠራል። ለገና ይመጣል።» በእጃቸውም ከሩቅ አንድ ቁራሽ መሬት አሳዩኝ፤ ምሰሶዎቹ ወዳድቀው እሾህ ወርሶታል። «ያ የእርሳቸው ነበር።» በጠቅላላው በሞዝል አውራጃ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከ12,000 ሄክታር በላይ የነበረው የወይን መሬት ዛሬ ከ9,000 በታች ወርዷል።

ይህ ውብ አገር ድሮም የድሎት አገር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት የወይን ዋጋ ወድቆ ገበሬው ስለ ተቸገረ ብዙዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የትሪር ተወላጅ የሆነው ካርል ማርክስ ገና የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ሳለ፣ በ1843 መጀመሪያ ላይ የሞዝልን ወይን አራሾች ችግር በኮሎኝ ይታተም በነበረ ጋዜጣ ጻፈ፤ ጋዜጣውም በዚያው ዓመት በመንግሥት ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 1926 ደግሞ የወይን ግብር ያስመረራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች በዚህች ከተማ ያለውን የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ወረው፣ መዝገቡን በመስኮት እየወረወሩ አቃጠሉት። ብዙም ሳይቆይ ግብሩ ተነሣ። አንባቢ ሆይ፣ በመዝገብ ቤት የምትሠራ እንደ ሆነ፣ በዚያ ቀን ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀውን ጸሐፊ ሳታስበው አትቀርም!

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ኩስ ሄድን። እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር እዚህ ነው።

በ1401 በዚህች መንደር ከአንድ የጀልባ ነጋዴ ቤት ኒኮላስ የሚባል ልጅ ተወለደ። ተምሮም የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ በ1448 ካርዲናልነት ተሾመ፤ በትውልድ መንደሩም ስም ኒኮላስ ዘኩስ ተባለ። በ1440 በጻፉት መጽሐፍ፣ ሰው ሊቅ የሚሆነው አለማወቁን ባወቀ መጠን ነው ብለው አስተማሩ፤ ምድርም በዓለም እንብርት ቆማ የምትኖር አይደለችም ያሉት ኮፐርኒክ መጽሐፉን በ1543 ከማሳተሙ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። የምሥራቅንና የምዕራብን ቤተ ክርስቲያን ለማስታረቅ በ1437 ወደ ቍስጥንጥንያ ተልከው ነበር። ከዚያም በተደረገው በፍሎሬንስ ጉባኤ፣ በእኛው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተገኝተዋል።

ይህ ታላቅ ሰው ለትውልድ መንደራቸው ሐውልት አላቆሙም። በ1458 የአረጋውያን መጦሪያ ቤት መሠረቱ። በደንቡም 33 ሽማግሌዎች እንዲኖሩበት አዘዙ፤ ይኸውም ክርስቶስ በምድር ለኖረበት ዕድሜ መታሰቢያ ነው። ስድስቱ ካህናት፣ ስድስቱ መኳንንት፣ ሃያ አንዱ ተራ ሰዎች ሆነው፣ ሁሉም 50 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ፣ በአንድ ጣራ ሥር እንዲኖሩ ተደነገገ። ለመተዳደሪያውም መሬትና የወይን እርሻ ሰጡ። ወርቅ ይሰረቃል፤ ገንዘብም ይረክሳል፤ ወይን ግን በየዓመቱ ያፈራል፤ የሚሠራው ሰው እስካለ ድረስ።

ቤቱም እስከ ዛሬ ቆሟል። ከ1794 በኋላ ፈረንሳውያን አገሩን ይዘው ገዳማቱን ሲወርሱ ይህ ቤት ተረፈ፤ ሁለቱም የዓለም ጦርነቶች አለፉ። ዛሬ ሴቶችም ይጦሩበታል። ጸሎት ቤቱን የአንድ ዐምድ ጣራ ይሸፍነዋል፤ ካርዲናሉ በ1464 ሲሞቱ ሥጋቸው በሮማ ተቀበረ፤ ልባቸው ግን በትእዛዛቸው መሠረት መጥቶ በዚህ ጸሎት ቤት ዐርፏል። በቤተ መጻሕፍቱ ከ300 በላይ የብራናና የእጅ ጽሑፎች፣ እንዲሁም በ1444 በኑረምበርግ የገዟቸው የኮከብ መመልከቻ መሣሪያዎች ይገኛሉ።

በግቢው ዙሪያ በተሠራው መተላለፊያ ላይ አንድ አዛውንት ፀሐይ ሲሞቁ አገኘን። መምህሩ ያውቋቸው ኖሮ ጨበጧቸው። ወይን አራሽ ነበሩ። ስለ ጤናቸው ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ በወንዙ ማዶ የሚታየውን ገደል በከዘራቸው አመለከቱ። «አርባ ዓመት እኔ ወደ ተራራው ወጣሁ። አሁን ተራራው ወደ እኔ ይወርዳል» አሉ። ከዚያም ተራቸውን ጠየቁኝ፦ «በአገርዎ ሽማግሌውን ማን ይይዘዋል?»

«ልጁ» አልሁ ፈጥኜ። ይህን ስል ግን ፊቴ ሲሞቅ ተሰማኝ።

በእኛ ቋንቋ «መጦር» የሚለው ቃል ከባድ ነው። የተወለደ ልጅ ሁሉ የሚጠበቅበት እርሱ ነው፤ መንግሥት ለሠራተኛው የሚከፍለውንም «ጡረታ» ያልነው ከዚያው ቃል አውጥተን ነው። ነገር ግን እኛ ተምረን ደመወዝተኛ የሆንነው ልጆች፣ በየወሩ ጥቂት ብር ከላክን የጦርን ይመስለናል። ብር ውሃ አይቀዳም፤ እንጨት አይፈልጥም፤ ሌሊት ሲያማት «እንዴት አደርሽ» አይልም። እኔም ወደ አዲስ አበባ ላመጣት ያሰብሁት ለእርሷ ብዬ ነበር ወይስ ሕሊናዬን ለማሳረፍ? ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘግቼባት ትምህርት ቤት ስውል ከማን ጋራ ትጫወታለች?

ካርዲናሉ ሮማ ተቀምጠው ለመንደራቸው ሽማግሌዎች በየወሩ ምጽዋት ሊልኩ ይችሉ ነበር። ያንን ቢያደርጉ ኖሮ ምጽዋቱ ከእርሳቸው ጋራ በሞተ ነበር። እርሳቸው ግን ጧሪውን ከመሬቱ ጋራ አሰሩት፤ ስለዚህ ከ560 ዓመት በላይ ኖረ። መሬቱ እሾህ የወረሰው የባልቴቲቱ ቁራሽ ግን ማንንም አይጦርም።

በዚያች ሌሊት ከባልቴቲቱ ቤት ሆኜ ወደ አገር ቤት ደወልሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሚስት ያገባው በቅርቡ ነው፤ ጉልበት አለው፤ የሚያርሰው መሬት ግን አይበቃውም። የአያቴን መሬት ለእኩል እንዲያርስ፣ በዚያም ላይ ውሃዋንና እንጨቷን እንዲያደርስላት፣ ሚስቱም ማታ ማታ እንድታያት በሽማግሌ ፊት እንዲዋዋሉ ለዘመዶቼ አሳብ አቀረብሁ። የእኔም ብር አይቀርም። አያቴ ስልኩን ተቀብላ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ይህን ማን መከረህ?» አለችኝ።

«አንድ የሞቱ ጳጳስ» አልኋት።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለችና፣ መልሳ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ።

በማግሥቱ ጧት ስሰናበት ባልቴቲቱ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠቅልለው ሰጡኝ። መምህሩ ሲያስተረጕሙልኝ፣ ለአያትህ አድርስላት ብለዋል አሉኝ። ጠርሙሱን አድርሻለሁ። አያቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይኮመጥጣል» አለችና የቀረውን ለአራሹ ሰጠችው።