ትንንሾቹ የዋግ መሐንዲሶች

የክረምት ዝናብ ሲያባራ በሰቆጣ ዙሪያ የሚያልፍ መንገደኛ ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት በጭቃና በድንጋይ የጎርፉን መንገድ ሲዘጉ ሊያይ ይችላል። ውሃው ሞልቶ ግድባቸውን ይጥሰዋል፤ እነርሱም ሥቀው ከሥሩ ትልቅ ድንጋይ ያኖሩና እንደገና ይገድባሉ። የመሐንዲስ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እርሱ የሚለየው ለክቶና አስልቶ በመሥራቱ ነው። ታዲያ እነዚሁ ልጆች በመስከረም ወደ ክፍል ሲገቡ ይህ ዕውቀታቸው ለምን ከደጅ ይቀራል?

በዋግ ኽምራ ምሕንድስና የቅንጦት ትምህርት አይደለም። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ስስ፣ ዝናቡም አጭርና የማይታመን ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በብርቱ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ዋግ ነበር። እዚያ የአንድ እርከን በደንብ መሠራትና አለመሠራት የቤተ ሰብ ቀለብ ጉዳይ ነው።

አገሩ የግንባታ ምሳሌ አላጣም። ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። በተከዜ ሸለቆም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድብ አለ። የዚህ ግድብ ግንብ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ውሃው የጎበጠ ነው። ለምን ጎበጠ? የአራተኛ ክፍል መምህር ይህን ለማስረዳት ሲሚንቶ አያሻውም። ከደብተር አንድ ወረቀት ገንጥሎ በሁለት መጻሕፍት መካከል እንደ ድልድይ ይዘርጋና ጠጠር ያስቀምጥበት፤ ወረቀቱ ወዲያው ይሰምጣል። ያንኑ ወረቀት እንደ ቅስት አጉብጦ ጫፎቹን በመጻሕፍቱ ቢያስደግፍ ግን ከፊተኛው የበለጠ ይሸከማል፤ ክብደቱ ወደ ጎን፣ ወደ መጻሕፍቱ ይገፋልና። ግድቡም እንዲሁ የውሃውን ግፊት ግራና ቀኝ ላሉት ገደሎች ያስተላልፋል።

እርከንንም በዚሁ ዓይነት ማስተማር ይቻላል። ሁለት ትሪ አፈር ሞልቶ እኩል ማዘንበል፤ አንዱን እንዲሁ መተው፣ በሌላው ላይ ልጆቹ በጠጠር እርከን እንዲሠሩ ማድረግ፤ ከዚያ በምስማር በተበሳ ጣሳ እኩል ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ከየትሪው ሥር በብርጭቆ የተጠራቀመው ውሃ ምን ያህል እንደ ደፈረሰ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ። እርከኑ የፈረሰበት ቡድን ማርክ አይቀነስበትም፤ የፈረሰበትን ምክንያት ተናግሮ እንደገና ይሠራል። ለብዙ መምህራን አስቸጋሪው ይህ ይመስለኛል፤ ፈተና ማረም የለመደ እጅ ስሕተትን ቶሎ በቀይ ይሰርዛልና።

አሠራሩ በሌላም አገር የታወቀ ነው። የቦስተን የሳይንስ ሙዚየም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ባዘጋጀው የምሕንድስና ትምህርት ሕፃናቱ ይጠይቃሉ፣ ያስባሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ያሻሽላሉ። በእኛ አገር ግን የእጅ ሙያ ትምህርት ዘግይቶ የሚጀመር ነገር ሆኖ ቆይቷል። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል፤ የተቀበለው ግን ከሕፃንነት ያለፉትን ወጣቶች ነበር። ከዚህም በላይ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የመናቅ አሮጌ ልማድ አለብን። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ ሆኖም ብዙዎቻችን የተማርነው ቢሮ ለመግባት እንጂ መዶሻ ለመጨበጥ አልነበረም።

በዋግ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ልጆች አፍ የፈቱት በኽምጣንጛ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ፈቅዷል። ግፊት ወይም ተዳፋት የሚለውን ቃል ልጁ በየትኛውም ቋንቋ ቢሰማው ነገሩ በጠረጴዛው ላይ ስላለ አይደናገረውም።

መምህሩ ግን ብቻውን አይችለውም። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ የቅርቡ ጦርነትም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጎድቷል። ስለዚህ ትሪውን፣ ጣሳውንና ምስማሩን ወላጆች ቢያዋጡ፣ የወረዳው የአፈር ጥበቃ ባለሙያም በግንቦት አንድ ቀን መጥቶ ልጆቹን ወደ እውነተኛው እርከን ቢወስዳቸው ይበቃል። የሰኔ ዝናብ ሲወርድ የትኛው ካብ እንደ ቆመ፣ የትኛው እንደ ተናደ ቆጥረው በደብተራቸው ሊጽፉት ይችላሉ።