ሽልማት ያገኘው ጭቃ ቤት ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ምን ይላል?

አንድ የኪነ ሕንፃ ድርጅት ለአካባቢ ጥበቃና ለማኅበራዊ ኃላፊነት ዕውቅና አገኘ ሲባል፣ በብዙዎች ዓይነ ኅሊና የሚመጣው የመስታወት ፎቅ ወይም በመድረክ ላይ ከፍ ብሎ የተያዘ ዋንጫ ነው። የዘርፉ ታላላቅ ሽልማቶች የሚመዝኑት ግን ሌላ ነገር ነው። የዝናቡ ውሃ ወዴት ይፈሳል? ዛፉ ቆሟል ወይስ ተቆርጧል? ግንባታው ሲጠናቀቅ በአካባቢው ሰው እጅ ምን ሙያ ቀረ? ከቡና ደን መካከል እየሰፉ ለሚገኙት ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙና ለያዩ ከተሞች እነዚህ የዕለት ኑሮ ጥያቄዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ምድር የቆመ ሕንፃ በዚህ ሚዛን ተመዝኖ የተሸለመው አዲሱ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ነሐሴ 29 ቀን 1999 ዓ.ም. በማሌዥያ ኳላ ላምፑር በተካሄደ ሥነ ሥርዓት፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማት ከተሰጣቸው 9 ሥራዎች አንዱ ሆነ። ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተ ሲሆን፣ ሙስሊሞች ጉልህ የኅብረተሰብ ክፍል በሆኑባቸው አገሮች ለተከናወኑ ሥራዎች በየሦስት ዓመቱ ይሰጣል። ንድፉን ያወጣውን ብቻ ሳይሆን አሠሪውን፣ መሐንዲሱንና ግንበኛውን ጭምር ማመስገኑ ከሌሎች ይለየዋል። ዳኞቹም በፎቶግራፍ ብቻ አይፈርዱም፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሰ ሥራ ባለበት ቦታ ድረስ ባለሙያ ተልኮ ይመረመራል።

የኤምባሲውን ንድፍ ያወጡት ዲክ ቫን ኻመረንና ብያርነ ማስተንብሩክ የተባሉ የኔዘርላንድስ አርክቴክቶች ናቸው። በአገር ውስጥ አጋር ሆኖ የሠራው ደግሞ አርክቴክት ራሔል ሻውል የነበሩበት አባ አርክቴክትስ ነው። ወይዘሮ ራሔል በኋላ ራስ አርክቴክትስ የተሰኘውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመዋል። በእንዲህ ያለ ዜና የውጭው ባለሙያ ስም ጎልቶ ሲነገር፣ ንድፉን ከአገሬው አፈር፣ ሕግና የእጅ ሙያ ጋር ያስታረቀው አጋር ብዙ ጊዜ ይረሳል። እዚህ ላይ ግን የአጋሩ ድርሻ የሥራው ግማሽ አካል ነበር ማለት ይቻላል።

ሕንፃው የተሠራው በባሕር ዛፍ በተሸፈነ ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱን ደልድሎ ዛፉን ከመመንጠር ይልቅ፣ ረጅምና ዝቅ ያለው ሕንፃ ከተዳፋቱ ጋር ተጋድሞ እንዲቀመጥ ተደረገ። ኮንክሪቱ የአካባቢውን ቀይ አፈር እንዲመስል ቀለም ተቀላቅሎበታል፤ ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያስታውሳል የተባለውም ለዚህ ነው። ጣራው ክረምት ሲገባ ውሃ የሚቋጥር ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሲሆን፣ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ለማሰብ የታለመ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ በመንግሥት በጀት የተሠራ የኮንክሪት ኤምባሲ ነው። በመቱ አንድ ክፍል ቤት ወይም ትንሽ ሱቅ ለማቆም ገንዘብ ለሚያጠራቅም ቤተሰብ ቀጥተኛ አርአያ ሊሆን አይችልም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚቀርቡት በዚያው ዕለት አብረው የተሸለሙ ሁለት ሌሎች ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በሰሜን ባንግላዴሽ፣ ሩድራፑር በምትባል የገጠር መንደር የተሠራ ትምህርት ቤት ነው። አና ሄሪንገርና አይከ ሮስዋግ የተባሉ ጀርመናውያን አርክቴክቶች ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው የሠሩት ይህ ሕንፃ፣ የታችኛው ፎቁ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ የላይኛው ደግሞ ቀርከሃ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ በከብቶች እግር ተረግጧል። ለኢሉ አባ ቦር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጭቃን ከጭድ ጋር አቡክቶ ማስበስና ግድግዳ መምረግ ከአያት የተወረሰ ሙያ ነው።

በሩድራፑር አዲስ የሆነው ጭቃው ሳይሆን ከጭቃው ሥር ያለው ነገር ነበር። የመንደሩ ነባር ቤቶች መሠረት ስላልነበራቸው እርጥበት ከመሬት ወደ ግድግዳው እየወጣ ዕድሜያቸውን ያሳጥረው ነበር። አርክቴክቶቹ በጡብ መሠረት አስገነቡ፤ በመሠረቱና በጭቃው መካከልም እርጥበት የማያሳልፍ ፕላስቲክ አነጠፉ። ከፍ ያለ ወጪና ልዩ ማሽን የማይጠይቅ ለውጥ ነው፤ ያም ሆኖ ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖረውን አሠራር ድክመት ከሥሩ ነካው። ሥራውን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ስለሆኑ ዕውቀቱ እዚያው ቀርቷል።

ሁለተኛው በቡርኪና ፋሶ የኩዱጉ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ነው። እዚያ የእንጨት እጥረት ስላለ፣ ሱቆቹ ከተጨመቀ የአፈር ብሎኬት በቅስትና በጉልላት ተሸፍነው ተሠሩ፤ የከተማው ግንበኞችም በሥራው ላይ ሳሉ ሠለጠኑ። ከዚያችው አገር የወጣው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ትውልድ መንደሩ ጋንዶ ውስጥ ከነዋሪዎቹ ጋር ከአፈር ጡብ የሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ የአጋ ካን ሽልማት አግኝቷል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በዘርፉ ከፍተኛ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

እነዚህ ሥራዎች ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ለምትገኘው መቱ ሲመጡ የመጀመሪያው ፈተናቸው ዝናብ ነው። በጎሬ በዓመት በአማካይ ወደ 2 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ እምብዛም አይጠራም። ዝናብ ግድግዳን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ከላይ በነፋስ እየተገፋ ምርጊቱን ያጥባል፣ ከታች መሬት ላይ ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር ይበላል። ስለዚህ ከግድግዳው በብዙ የሚወጣ የጣራ ክዳን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተገነባ የድንጋይ መሠረትና በአግባቡ የተገጠመ አሸንዳ ከሌሉ የጭቃ ቤት ብቻ ሳይሆን የብሎኬት ቤትም ዕድሜው ያጥራል። የጭቃ ቤት በቶሎ ይፈርሳል የሚለው ቅሬታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የመሠረቱና የጣራው ጉድለት ነው፤ ጭቃው የሚወቀሰው ባልሠራው ጥፋት ነው።

ይኸው ዝናብ ሀብትም ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዚህ ስሌት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ያለው የትምህርት ቤት ብሎክ በጎሬ ዝናብ በዓመት ወደ 200 ሺህ ሊትር ውሃ ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ በትነትና በመፍሰስ የሚባክን ቢኖርም፣ አሸንዳና ማጠራቀሚያ ካልተሠራ ሁሉም ወደ ግቢው ወርዶ መንገድ ይሸረሽራል። የኤምባሲው ጣራ ውሃን ለውበት ሲቋጥር፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ ለእጅ መታጠቢያና ለችግኝ ማጠጫ ሊቋጥር ይችላል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ወጪው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛው ፈተና እንጨት ነው። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ 167 ሺህ 21 ሔክታር ስፋት ነበረው፤ የዱር የአረቢካ ቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ የሚበቅሉበት ከመሆኑ የተነሣ የዓለም ሳይንስ ዓይኑን የጣለበት ደን ነው። ጥብቅ ሥፍራው ዋና፣ መከለያና መሸጋገሪያ በሚባሉ ቀጣናዎች ተከፍሏል፤ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት መሸጋገሪያው ነው። ከተሞቹ በሰፉ ቁጥር ለቋሚ፣ ለማገርና ለወራጅ የሚፈለገው እንጨት፣ ጡብ ለመተኮስ የሚነደው ማገዶም ይጨምራል። በግንባታ ላይ የሚቆጠብ እያንዳንዱ ግንድ ለቡናው ጥላ ነው፤ ቡናው ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ልጁን የሚያስተምርበት ገቢ ነው።

እንጨት ሳይባክን መሥራት በአገር ውስጥ ተሞክሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ከስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. 2010 አካባቢ በግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ሠርቷል። የታችኛው ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ የተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ነው፤ ወለሉና ጣራው በእንጨት ወራጅ ፈንታ ከአፈር በተሠሩ ሰሌዳዎች ቅስት ተሸፍነዋል።

ይህን ወደ መቱ አውርዶ መሥራት ግን ምርመራ ይፈልጋል። የደቡብ ምዕራቡ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ስለሚበዛ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ ብሎኬት ከመመታቱ በፊት ከአሸዋ ጋር የሚቀላቀልበት መጠን በናሙና መፈተን አለበት። የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት እርጥበትን እንዲቋቋም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይቀላቀልበታል። አይተኮስም፤ ስለዚህ ማገዶ አይበላም። ግንበኛውም ከለመደው የብሎኬት አሠራር ብዙ ሳይርቅ በአጭር ጊዜ ሊለምደው ይችላል።

የአጋ ካን ሽልማት አንድን ሕንፃ ለውድድር የሚቀበለው ተጠናቆ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አገልግሎት ከሰጠ በኋላ ነው። በጎሬና በመቱ ያ አንድ ዓመት ከበልግ እስከ ጥቅምት የሚዘልቀውን ዝናብ በሙሉ የያዘ ይሆናል።