ብርዕ የቀረጸው ፊደል

የብራና ጽሕፈት ሲነሣ ብዙ ሰው ፊደላችን ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ቅርጹን ሳይለውጥ እንደ ኖረ፣ ዛሬ ግን በእስክሪብቶና በስልክ እንደ ተበላሸ አድርጎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። የጥንቱ ፊደል ማዕዘን የሚበዛበት ነው፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ትልቅና ወፍራም የሆነው ጉልሕ ጽሕፈት ገነነ፤ ለትንንሽ መጻሕፍት የሚሆን ረቂቅ የሚባልም አለ። ደግሞስ ባይለወጥ ኖሮ ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ዘመን በምን እንለየው ነበር? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሰሜን ሸዋ አድባራትንና ገዳማትን መጻሕፍት ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና ጽሑፎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ሸንኮራ የተወለዱት ምሁር ጌታቸው ኃይሌ ፊልሞቹን ሚኒሶታ ላይ ሆነው ሲያጠኑ የብዙዎቹን ዘመን የገመቱት የፊደሉን አጣጣል አይተው ነው።

እንግዲህ የጠፋው ቅርጹ ካልሆነ ምንድን ነው? የብርዑ አፍ ነው እላለሁ። ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል፤ ጫፉን ሹል አያደርገውም፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ወደ ታች ሲስበው እግሩ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲስበው ይቀጥናል። የ«በ» ሁለት እግሮች ወፍረው ከላይ ያለው መስመር የሚሳሳው በዚህ ነው። የሚጻፍበት ቆዳም ሩቅ አይደለም። በመንዝ ደጋ በግ፣ መርሐቤቴ ወደ ጀማ ሲወርድ ፍየል ሞልቷል፤ የሁለቱም ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ ብራና ይወጣዋል። ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ወግቶ ያለ ቀለም ያሰምራል፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ከጥቀርሻ፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ በተብላላው ቀለም ይጽፋል፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ። እስክሪብቶ ግን ወዴትም ብትስበው ውፍረቱ አንድ ነው። የዛሬ ተማሪ እጁ አልሰነፈም፤ መሣሪያው ነው ውፍረትና ቅጥነት የነሣው።

«ኅትመት መጥቷል፣ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የኅትመቱም ፊደል የብርዕ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት ሲታተም ሞዴሉ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መጻሕፍትም፣ ዛሬ በኮምፒውተር የምንጽፍባቸው አብዛኞቹ ፊደላትም ያንን ወፍራምና ቀጭን ይዘዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው የሱቅ ታፔላ ሲያሠራ ፊደሉን በኮምፒውተር ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ቀጭኑ እንዳለ ይረዝማል፣ ወፍራሙ ያብጣል፣ የ«መ» ዐይኖችም ይጨፈለቃሉ። እባካችሁ ተዉት። ቻይናውያንም ዛሬ የሚጽፉት በስልክና በኮምፒውተር ነው፤ የብሩሽ ጽሕፈትን ግን ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009ም በዩኔስኮ አስመዝግበውታል። እነሱ ብሩሹን ሳይጥሉ ኮምፒውተሩን ከያዙ፣ እኛ መቃችንን የምንጥልበት ምክንያት የለም።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የምታስተምሩ መምህራን፣ ብራና ባይገኝ ወረቀት ይበቃል፤ አንድ መቃ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቅረጹና ልጆቹን መጀመሪያ «በ»ን አስጽፏቸው።