መለኪያው ትንሽ ቁጥር እያሳየ ጎረቤት ለምን እንቅልፍ ያጣል?

ከአዳር ጸሎት ማግስት ጎረቤት በራችሁን አንኳኩቶ ያውቃል? እኛ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን የምንኖር ሰዎች ነንና እኔን አንዲት እናት መጥተውብኛል። አልተቆጡም። «ወደይ፣ መዝሙሩስ ጥሩ ነው፤ ያ ዱም ዱም የሚለው ግን ደረቴ ውስጥ ያድራል» አሉኝ። የድምፅ ክፍሉ ወንድም ግን በስልኩ ለክቶ ነበርና «ደጃፋቸው ላይ 44 ብቻ ነው፤ ከሕጉ በታች ነን» ብሎ ተከራከረ።

ወንድማችን አልዋሸም። በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ድምፅ ቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 «ዴሲቤል ኤ» ነው። ነገሩ ያለው ግን በዚያች «ኤ» ላይ ነው። እኔ ብሰይማት «የጆሮ ሚዛን» እላት ነበር።

ጆሮአችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ቀጭን ድምፅ በቀስታም ቢመጣ ይሰማናል፤ በጣም ወፍራሙ ግን እንዲሰማን ብርቱ መሆን አለበት። በ1933 እ.ኤ.አ. የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን ለሰዎች ልዩ ልዩ ድምፅ እያሰሙ፣ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሚጮህባቸው ለኩ። የ«ኤ» ማጣሪያ የተቀረጸው ከዚህ ሥራ ነው፤ የተቀዳውም ጆሮ ለስላሳ ድምፅን ከሚሰማበት ሁኔታ ነው።

ዛሬ ማጣሪያው በስልክ ውስጥ ያለ ስሌት ነው። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ማጣሪያው እያንዳንዱን አዲስ ቁጥርና ጥቂት ያለፉትን በተወሰነ መጠን እያባዛ ይደምራል፣ ይቀንሳል። ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ ስለሚወዛወዝ ተከታታይ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሲቀናነሱ ይጠፋፋሉ። ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ቀጭኑ ይተርፋል። በ1,000 ኸርዝ ምንም አይቀነስም፤ በ100 ኸርዝ 19 ዴሲቤል፣ በ50 ኸርዝ 30 ዴሲቤል ይቀነሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ መሆኑን አስቡ!

ታዲያ ጆሮም የሚያደርገው ይህንኑ ከሆነ ችግሩ የት ነው? ወፍራም ድምፅ አንዴ መሰማት ከጀመረ በኋላ ጥቂት ዴሲቤል ሲጨመርበት በጆሮ ውስጥ ቶሎ ይገዝፋል። ግድግዳም ቀጭኑን አስቀርቶ እርሱን ያሳልፋል፤ ስለዚህ እኒያ እናት የሚሰሙት መዝሙሩን ሳይሆን ምቱን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ወፍራም ድምፅ ሲበዛ «ኤ» ብቻውን እንደማይበቃ ገልጾ፣ ወፍራሙን እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ማጣሪያም እንዲለካ መክሯል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዴሲቤል ካለፈ ድምፁ በዝርዝር ይመርመር ይላል። እኛ በእውነተኛ መለኪያ ስንሞክረው (የብዙ ስልክ ማይክሮፎን ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው) «ኤ» 44፣ «ሲ» 63 አለን።

ይህ ሲባል «ኤ»ን አትጣሉት። ከእስፒከሩ ፊት ለሚቀመጡት ልጆችና ለዘማሪዎቹ ጆሮ የሚበጀው እርሱ ነው፦ 85 ለ8 ሰዓት፣ 88 ለ4 ሰዓት፣ እንዲህ 3 በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ እያጠረ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የእኛ አምልኮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ።

እኛ ሳብዉፈሩን ከጥግ አወጣነው፤ ጥግ ወፍራሙን ያጎላዋልና። በሰባኪው ማይክሮፎን ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠውን የሚክሰሩን ቁልፍ ተጫንን፤ የስብከቱ ቃል አንድም አልጎደለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሳብዉፈሩ ይጠፋል። ቤዝ የሚመታው ወንድም ግን እስካሁን አልወደደውም።